የቁስቋም ግንብና የቋረኞች ቤት

ጎንደርን ለመጐብኘት የሚሄድ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በከተማው መካከል ያለውን የነገሥታቱን ግቢ ዞሮ ተመልክቶ፣ የዐፄ ፋሲልን መዋኛና ደብረ ብርሃን ሥላሴን ጨምሮ በዚያው ይመለሳል። እኛም በመጀመሪያው ጕዞአችን እንዲሁ አድርገን ነበር። በሁለተኛው ግን የሄድንበት የመሥሪያ ቤት ጉዳይ በአንድ ቀን ስለ ዘገየብን፣ ከአንድ የሥራ ባልደረባችን ጋር ሆነን ከከተማው በስተ ሰሜን ምዕራብ ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ወጣ ብሎ ወደሚገኘው ወደ ደብረ ፀሐይ ቁስቋም በእግራችን ሄድን።

መንገዱ ሽቅብ ነው። በግቢው ዙሪያ ክብ ክብ ማማዎች ያሉበት የድንጋይ አጥር ይታያል። ከውስጥ ጣራው የወደቀ፣ ወለሉ የጠፋ፣ መስኮቶቹ ሰማይ የሚያሳዩ ትልቅ ቤት ቆሞአል። በግድግዳው ላይ ቀላ ባለ ድንጋይ የተሠሩ መስቀሎችና ሥዕሎች ተለጥፈዋል፤ ከነርሱም አንዱ በአንበሳ የተቀመጠ ሰው ስለሆነ የዋልድባው አቡነ ሳሙኤል ነው ይባላል። የፎቁ ወለል የተዘረጋበት የእንጨት ሰረገላ የገባባቸው ቀዳዳዎች በግድግዳው ላይ በተርታ ስለሚታዩ፣ ተመልካች ዐይኑን ወደ ላይ አንሥቶ ሰዎች ይመላለሱበት የነበረውን ክፍል በሐሳቡ ሊሠራው ይችላል።

በበሩ አጠገብ አንድ ሸምገል ያሉ ቄስ ተቀምጠው አገኘንና፣ «ይፍቱን አባታችን» ብለን መስቀል ተሳለምን። ባረኩንና ከወዴት እንደ መጣን ጠየቁን። እኛ በትግርኛ አፋችንን የፈታን ስለሆንን፣ ገና መልሳችንን ሳንጨርስ አነጋገራችንን ለይተው ፈገግ አሉና፣ «እንግዲያውስ ከራስ ሚካኤል አገር መጣን በሉኛ፣ ልጆቼ» አሉን።

ነገሩ ቀልድ ነበረ። ይሁን እንጂ ቁስቋምን እንደ ማንኛውም ፍርስራሽ ተመልክተን እንዳናልፍ ያደረገን ይኸው የቄሱ ቃል ነው። ራስ ሚካኤል ስሑል በእኛ አገር የብልህ ሰው ምሳሌ ነው፤ «ስሑል» ማለትም በግዕዝ «የተሳለ» ማለት እንደ መሆኑ መጠን፣ ሽማግሌዎቻችን ስሙን የሚያነሡት በኩራት ነው። በቁስቋም ግን የቤቱን ባለቤት ያዳከመ፣ የልጅ ልጅዋንም የገደለ እርሱ ነው። ስለዚህ ይህን ቤት የሠራችው ማን እንደ ነበረች፣ ቤተሰቧም እንዴት ከፍ ብሎ እንዴት እንደ ወደቀ፣ ለአንባቢዎቻችን መንገር የሚገባን መሰለን።

የቤቱ ባለቤት እቴጌ ምንትዋብ ነበረች። «ምንት» በግዕዝ «ምን» ማለት ነው፤ ስለዚህ ምንትዋብ ሲሉ ምንኛ ውብ ናት ማለታቸው ነው። የክርስትና ስሟ ወለተ ጊዮርጊስ፣ የመንግሥት ስሟ ብርሃን ሞገሳ ነበረ። አገርዋ ከጣና በስተ ምዕራብ ወደ ሱዳን ጠረፍ የሚያደርሰው ቋራ ነው፤ ዘመዶችዋም በዚሁ ምክንያት ቋረኞች ይባሉ ነበር። እንደሚነገረው ዐፄ በካፋ ራሱን ሰውሮ አገር ለአገር ሲዞር በቋራ ታመመ፤ ያረፈበት ቤት ልጅ አስታመመችው፤ በዳነም ጊዜ አገባት። ይህ የበካፋ ጠባይ በጎንደር ብዙ ተረት አስገኝቶአልና ሁሉንም እንደ ታሪክ ልንቀበለው አይገባም። ይሁን እንጂ ከቋራ የመጣችው ወጣት የንጉሥ ሚስት ሆና ኢያሱ የሚባል ወንድ ልጅ መውለድዋ እርግጥ ነው።

ዐፄ በካፋ በ1723 ዓ.ም. በመስከረም ወር ሲሞት ልጁ የሰባት ዓመት ሕፃን ነበረ። እንዲህ ባለ ጊዜ ሞግዚት ሆኖ መግዛት ለንጉሥ እናት የተለመደ ነው፤ ምንትዋብ ግን በሞግዚትነት ብቻ አልረካችም። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር ዘውድ ጫነች፤ ከልጅዋም ጋር ነገሠች። ወንድምዋ ወልደ ልዑል ራስ ቢትወደድ ሆነ። ቢትወደድ ማለት በንጉሥ ዘንድ የተወደደ ማለት ነው፤ ራስ ቢትወደድም የሆነ ሰው ከንጉሡ ቀጥሎ መንግሥቱን የሚያስተዳድር ነበረ። ሌሎቹም ወንድሞችዋና የአጎት ልጆችዋ ሹመት አገኙ። ንጉሡም በአባቱ አገር መጠራቱ ቀርቶ ኢያሱ ቋረኛ ተባለ፤ ይህ ቅጽል ስም በዚያ ዘመን የመንግሥቱ ሥልጣን በየትኛው ዘመድ እጅ እንደ ነበረ በቂ ምስክር ነው።

የድሮ መኳንንት ግን በዚህ ደስ አልተሰኙም። በ1725 ዓ.ም. ዐመፅ ተነሣ፤ ዐመፀኞቹ ሌላ ንጉሥ አንግሠው እናትና ልጅን በጎንደር ግቢ ውስጥ ከበቡአቸው፤ ከከተማውም ብዙ ቤት ተቃጠለ። ረዳት ጦር ደርሶ ከበባው ከተሰበረ በኋላ ነገሩ ጸጥ አለ። እቴጌይቱ በነገሥታቱ ግቢ ውስጥ ዛሬም በስሟ የሚጠራ ግንብ አላት፤ ነገር ግን ቤቴ ብላ የኖረችበት፣ ሀብትዋንም ያፈሰሰችበት፣ ከከተማው ራቅ ያለው ቁስቋም ነው።

ስለ ስሙ አንድ ነገር እንበል። ቁስቋም በላይኛው ግብፅ የሚገኝ ስፍራ ነው። እመቤታችን ሕፃኑን ይዛ ከሄሮድስ በተሰደደች ጊዜ በዚያ ስለ ማረፍዋ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን የጽጌን ጾም ፈጽማ ኅዳር 6 ቀን በዓሉን ታከብራለች። የሰባት ዓመት ልጅ ይዛ የነገሠች፣ ከልጅዋም ጋር በእሳት መካከል የተከበበች እናት ለደብርዋ ይህን ስም መምረጥዋ፣ እኛ እንደሚመስለን፣ እንዲያው በአጋጣሚ የሆነ አይደለም።

ቤቱ የተሠራው በጎንደር ልማድ በድንጋይና በኖራ ነው። ከመኖሪያው ግንብ ጋር የግብር አዳራሽ፣ የጸሎት ቤትና ትልቁ ቤተ ክርስቲያን ነበሩበት። ካህናቱ እንዲተዳደሩበት እቴጌይቱ ብዙ ጉልት ሰጠች። ጉልት ማለት የመሬቱን ግብር የመብላት መብት ነው፤ መሬቱን ራሱን የሚያርሰው ባላገር ይዞት ይኖራል፤ ግብሩ ግን ለንጉሥ ግምጃ ቤት መግባቱ ቀርቶ ለደብሩ ይሆናል። በዚህ ዐይነት ደብሩ የጸሎት ቤት ብቻ ሳይሆን የቤተሰቡ ሀብት መጠበቂያም ይሆን ነበር፤ ምክንያቱም ንጉሥ ሹመትን በአንድ ቀን ሊሽር ሲችል ለታቦት የተሰጠውን ጉልት መንካት ግን ከባድ ነበረ። በጣና ውስጥ በደቅ ደሴት ያለውን ናርጋ ሥላሴንም ያሠራችው እርስዋ ናት፤ በዚያም ከእመቤታችን ሥዕል እግር ሥር ወድቃ ስትማለድ ተሥላ ትታያለች።

ምንትዋብ ባልዋ ከሞተ በኋላ ምልምል ኢያሱ ከተባለ የበካፋ የእኅት ልጅ ሦስት ሴቶች ልጆች ወለደች፤ እነርሱም ወለተ እስራኤል፣ አስቴርና አልጣሽ ይባላሉ። ምልምል ኢያሱ በጣና አጠገብ ከገደል ወድቆ ሞተ፤ ንጉሡ አስገድሎት ነው የሚል ሐሜት ከዚያ ዘመን ጀምሮ አለ። ሦስቱን ሴቶች ልጆች አንባቢያችን በልቡናው ይያዛቸው፤ የቤቱ ታሪክ ከዚህ በኋላ በእነርሱ ጋብቻ ላይ የተንጠለጠለ ነውና።

ልጅዋ ዐፄ ኢያሱ አደንና ሕንፃ የሚወድ ሰው ነበረ። ጦርነት ግን አልቀናውም፤ በ1736 ዓ.ም. በስናር ላይ ዘምቶ ሠራዊቱ አለቀበት፤ ኵርዓተ ርእሱ የተባለውም የጌታ ሥዕል ተማርኮ በኋላ በወርቅ ተዋጀ። ለርሱም እናቱ ከወሎ ኦሮሞ ባላባት ቤት ውቢት የምትባል ልጅ አመጣችለት፤ በክርስትና ስሟ ቤርሳቤህ ተባለች። ብልሃቱ መልካም ነበረ፤ የቋራ ዘመድ ብቻውን መንግሥት ሊሸከም አይችልምና ከኀይለኛው የወሎ ወገን ጋር መዛመድ ይጠቅማል ተብሎ የተደረገ ነው። ነገር ግን ኢያሱ በሰኔ 1747 ዓ.ም. ሲሞት የውቢት ልጅ ኢዮአስ በሕፃንነቱ ነገሠ፤ ያን ጊዜ በአንድ ግቢ ውስጥ ሁለት የንጉሥ እናቶች ተገኙ።

ውቢት፣ አማቴ በልጅዋ ዘመን እንደ ገዛች እኔም በልጄ ዘመን ልግዛ አለች። ምንትዋብ ደግሞ ዘውድ የጫንሁ እኔ ነኝና መንግሥቱ የኔ ነው አለች። በሕግ ረገድ ሁለቱም የሚሉት ነገር ነበራቸው። የውቢት ወንድሞች ሉቦና ብሩሌ ከነወታደሮቻቸው ወደ ጎንደር መጡ፤ በቤተ መንግሥቱ የኦሮሞኛ ቋንቋ ይነገር ጀመር፤ ኢዮአስም ከአያቱ ዘመዶች ይልቅ አጎቶቹን ይወድ ነበር።

ስለዚህ ዘመን የጻፉ ብዙዎች ጥፋቱን ሁሉ በውቢት ወገኖች ላይ ይጭናሉ። እኛ ይህን ለመቀበል እንቸገራለን። ዘመድን ሰብስቦ አገር ማደልን ያስተማረች ምንትዋብ ናት፤ ውቢት ያደረገችው አማትዋ ከሠላሳ ዓመት በፊት ያደረገችውን ነው። ከዚህም በላይ የዚያን ጊዜ ታሪክ በምን ዐይነት እጅ እንደ ደረሰን ማስተዋል ያስፈልጋል። የጎንደርን ነገሥታት ዜና መዋዕል በ1770ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ሰብስቦ ያስጻፈው ደጃዝማች ኀይሉ እሸቴ ነው፤ የእሸቴም እኅት እቴጌ ምንትዋብ ነበረች። መጽሐፉን ያስጻፈው የቤቱ ልጅ ከሆነ፣ የባላጋራው ስም ባይወደስ አያስደንቅም።

ራስ ወልደ ልዑል ሽማግሌና ታጋሽ ሰው ስለ ነበረ ሁለቱን ወገን አቻችሎ ያዘ። በመጋቢት 1759 ዓ.ም. እርሱ ሲሞት መካከለኛ ጠፋ። ያን ጊዜ ነው የትግሬው ገዥ ሚካኤል ስሑል ብዙ ጠመንጃ የታጠቀ ሠራዊት ይዞ ወደ ጎንደር የተጠራው።

ሚካኤል ለቁስቋም ባዳ አልነበረም። ቀደም ባለው ዘመን ባመፀ ጊዜ ዐፄ ኢያሱ ዘምቶበት በዐድዋ አጠገብ ባለው በሳማያታ ተራራ ተከብቦ፣ ድንጋይ በራሱ ተሸክሞ ወርዶ በንጉሡ እግር ሥር እንደ ወደቀ ይተረካል፤ በምልጃም ሕይወቱ ተረፈችለት። ቆይቶም እቴጌይቱ ታናሽ ልጅዋን አልጣሽን ለልጁ ለወልደ ሐዋርያት ዳረችለት። ታዲያ ቂምን በጋብቻ ማሰር የቻለች ሴት፣ ሰባ ዓመት ያለፈውን ይህን ሰው አስታራቂ ይሆነናል ብላ ብታምን ሞኝነት ነበር ለማለት አንደፍርም። ነገር ግን አስታራቂ ሊሆን የመጣ ባለ ጠመንጃ ሽማግሌ ወዲያው ከሁለቱም ወገን በላይ ሆነ።

ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ በ1761 ዓ.ም. በአንድ ዓመት ውስጥ ተፈጸመ። የአስቴር ባል ደጃዝማች ማርያም ባሪያው የበጌምድር ገዥ ነበረ፤ ኢዮአስ ግዛቱን ለአጎቱ ለብሩሌ በሰጠበት ጊዜ አለቅም ብሎ ተዋጋና ብሩሌ በጦርነቱ ሞተ። ንጉሡ ራስ ሚካኤልን አስከትሎ በማርያም ባሪያው ላይ ዘመተ። ማርያም ባሪያው ተሸንፎ ከሸሸ በኋላ ተይዞ ለብሩሌ ወንድም ለሉቦ ተላልፎ ተሰጠ፤ ሉቦም ስለ ወንድሙ ደም ገደለው። አስቴር መበለት ሆና ወደ ራስ ሚካኤል ድንኳን መጣች፤ ሚካኤልም አገባት። የባልዋን ደም የሚመልስላት ሌላ ሰው በአገሩ እንዳልነበረ አስተውላ ያደረገችው ይመስለናል። በዚህም ጋብቻ ሚካኤል በአንድ በኩል የምንትዋብ አማች፣ በሌላ በኩል የልጅዋ አማት ሆነ።

ንጉሡ ኢዮአስ ይህን ባየ ጊዜ ፈራ። ብሩስ የተባለው የስኮትላንድ ተጓዥ እንደሚተርከው ከንጉሡ በኩል የተተኰሰ ጥይት ራስ ሚካኤልን ስቶ በአጠገቡ የነበረውን ድንክ ገደለ። በዐዘዞ ሜዳ ጦርነት ሆነ፤ ሚካኤል ድል አደረገ። በግንቦት ወር ዐፄ ኢዮአስ በሻሽ ታንቆ ተገደለ። ንጉሥ በጦር ሜዳ መሞቱ በኢትዮጵያ ታሪክ የታወቀ ነገር ነው፤ የገዛ ራሱ ባለ ሥልጣን በቤቱ አሳንቆ ሲገድለው ግን ሰው ሁሉ ደነገጠ። የታሪክ ጸሓፊዎች ዘመነ መሳፍንት የሚሉትን ከዚህ ቀን ጀምረው ይቈጥራሉ፤ እርሱም እስከ 1847 ዓ.ም. ድረስ ቆየ።

ምንትዋብ የልጅ ልጅዋን ሬሳ አስመጥታ በቁስቋም በአባቱ አጠገብ ቀበረችው። ከዚያም ወዲያ ወደ ጎንደር ቤተ መንግሥት ለመመለስ እንቢ ብላ በዚሁ ግቢ ተቀመጠች።

ብሩስ በየካቲት 1762 ዓ.ም. ጎንደር ሲገባ የፈንጣጣ በሽታ ገብቶ ነበረ። ራስ ሚካኤል ዘመቻ ላይ ነበረና፣ መድኃኒት ዐዋቂ ነው ተብሎ የተጠራው ወደ ቁስቋም ነው፤ የአስቴር ልጆች በዚያ ታመው ነበር። በዚያን ጊዜ ልማድ በሽተኛው አየር እንዳይነካው በርና መስኮት ተዘግቶበት በጨለማ ይቀመጥ ነበር። ብሩስ በሮቹንና መስኮቶቹን ሁሉ አስከፈተ፤ ክፍሎቹን በዕጣንና በከርቤ አሳጠነ፤ በሙቅ ውሃና በኮምጣጤ አሳጠበ። የአስቴር ልጅ ክንፉ ዳነ፤ ከራስ ሚካኤል የወለደችውም ሕፃን ዳነ። አያቲቱ፣ የልጅ ልጅዋን ካስገደለው ሰው የተወለደውን ሌላውን የልጅ ልጅዋን በዚያ ክፍል ውስጥ አልጋው አጠገብ ሆና ታስታምም ነበር። ዛሬ ጣራ በሌለው ቤት ውስጥ ቆመን እነዚያን መስኮቶች ስንመለከት፣ ከጦርነቱ ሁሉ ይልቅ ልባችንን የነካው ይህ ነው።

ራስ ሚካኤልም ብዙ አልሰነበተም። በግንቦት 1763 ዓ.ም. በሠርባኵሳ ተሸንፎ ተማረከ፤ በኋላም ወደ ትግራይ ተመልሶ አገሩን ሲገዛ ኖሮ በእርጅና ሞተ። ምንትዋብ ውድቀቱን ዐይታ በሰኔ 1765 ዓ.ም. ዐረፈች፤ በቁስቋምም ተቀበረች።

ቤተሰቡ ግን ጨርሶ አልጠፋም። የወለተ እስራኤል ልጅ ራስ ኀይሉ ዮሴዴቅ ጎጃምን ገዛ፤ ከዚያ በኋላ የተነሡት የጎጃም መሳፍንትም የዘር ሐረጋቸውን ከእርስዋ ይቈጥራሉ። የፈረሰው ቤቱ ነው፤ የፈረሰበትም ምክንያት አንድ ብቻ አይደለም። በዘመነ መሳፍንት ነገሥታቱ በስም ብቻ ስለ ነበሩ ግንብ የሚያድስ ገንዘብ አልነበራቸውም። የኖራ ግንብ ደግሞ ጣራው ካልተጠበቀ በየክረምቱ ውሃ እየገባበት ይላላል፤ እንጨቱ ከተቃጠለ ወይም ከበሰበሰ ፎቁ ይወድቅና ግድግዳው ደጋፊ አጥቶ ይቀራል። በኅዳር 1859 ዓ.ም. የቋራው ተወላጅ ዐፄ ቴዎድሮስ ጎንደርን ዘርፎ አቃጠለ።

በጥር 1880 ዓ.ም. የመሐዲው ጦር በሐምዳን አቡ አንጃ አዝማችነት ሲመጣ፣ በሣር ውሃ የገጠመው ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ነበረ፤ እርሱም ትውልዱን ከወለተ እስራኤል የሚቈጥር የጎጃም ንጉሥ ነው። ተሸነፈ፤ ልጆቹም ተማረኩ። ደርቡሾች ጎንደር ገብተው አብያተ ክርስቲያናቱን አቃጠሉ፤ ቁስቋምም አብሮ ተቃጠለ። ቤተ ክርስቲያኑ በኋላ ዳግመኛ ተሠራ፤ ግንቡን ግን ማንም እንደ ቀድሞው መልሶ አልሠራውም። በ1972 ዓ.ም. ከጎንደር ነገሥታት ግቢ ጋር በዓለም ቅርስነት ተመዝግቦአል።

ሲመሽ ቄሱ ወደ ውስጥ አስገብተው መስተዋት የተገጠመለት ሣጥን አሳዩን። በውስጡ ያሉት አፅሞች የእቴጌ ምንትዋብ፣ የልጅዋ የኢያሱና የልጅ ልጅዋ የኢዮአስ እንደ ሆኑ ነገሩን። ባልደረባችን፣ «አባታችን፣ የትኛው የማን ነው?» ብሎ ጠየቃቸው።

«እሱን አልለየነውም፣ ልጄ» አሉት።

ጧፋቸውን ከፍ አድርገው ትንሽ ጊዜ ከቆዩልን በኋላ ሣጥኑን በጨርቅ ሸፈኑት። ወደ ከተማው የሚወርደው መንገድ ጨለማ ነውና ፈጥናችሁ ሂዱ ብለው እስከ በሩ ሸኙን።